ሦስት ሌሊት በጨለማና በዝናብ፦ ከፒያሳ የገዛኋት የሶላር መብራት እንዴት ሆነችልኝ

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ደሴ ፒያሳ ካለች አንዲት የኤሌክትሪክ እቃ መሸጫ በ3,800 ብር የሶላር መብራት ገዛሁ። አንድ አምፖል ያላት፣ ሬዲዮ ያላት፣ ስልክም ቻርጅ የምታደርግ፣ ከ6 ዋት ፓነል ጋር የምትሸጠዋ ናት። እስከ ሐምሌ ድረስ ማታ መብራት ሄድ መጣ ሲል ለግማሽ ሰዓት ነበር የምናበራት፣ ስለዚህ ጥሩ ናት መጥፎ ናት ለማለት የሚያበቃ ነገር አልነበረኝም። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ግን ሦስት ሌሊት ሙሉ መብራት ጠፍቶ፣ ባለቤቴ ኮምቦልቻ ቀርቶ፣ እኔ ከእማዬና ከሁለት ልጆቼ ጋር ቤት ተዘግተን በረዶና ነጎድጓድ ስንሰማ አደርን፣ ያኔ ነው እቃዋን በደንብ ያወቅኳት። ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ እንግዲህ የነበረውን እንዳለ ልንገራችሁ።

ቤታችን ሆጤ ነው። የዛን ቀን ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ እንዲያውም ልብስ አጥቤ አስጥቼ ነበር፣ ወደ 8 ሰዓት ላይ ግን ጦሳ ተራራ ላይ ደመናው ጥቁር ሆኖ ተንጠለጠለና እማዬ በረንዳ ላይ ቆማ አይታው «ልጄ ልብሱን አንሺ፣ ይሄ ዝናብ ደህና ዝናብ አይደለም» አለችኝ። ልብሱንም ፓነሉንም አስገብቼ በሩን ከመዝጋቴ ነፋሱ መጣ፣ ከዛ በረዶ። የደሴን በረዶ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሆኖ የሰማ ያውቀዋል፣ አጠገብህ ያለ ሰው ሲጮህልህ ራሱ አይሰማህም፣ ትንሿ ልጄ ጆሮዋን ይዛ እማዬ ነጠላ ውስጥ ገባች። የቲቪውንና የፍሪጁን ሶኬት ነቅዬ ስጨርስ አንድ መብረቅ በጣም ቅርብ ወደቀ፣ ከታች በኩል ትራንስፎርመሩ እንደ ጥይት ጮኸ፣ በቃ ሰፈሩ በሙሉ ጠፋ። (ሶኬት መንቀሉን አትርሱ፣ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ መብረቅ በመስመሩ ሲመጣ በማብሪያ ማጥፊያው ዘሎ ሊያልፍ ይችላል።)

ከዚህች በፊት የነበረችኝ በኤሌክትሪክ ቻርጅ የምትደረግ ትልቅ ባትሪ ነበረች፣ ሰው ፓውዛ የሚላት አይነት። ስትገዛ በጣም ታበራ ነበር። በጋውን መብራት ብዙ ስላልጠፋ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጫት ረሳኋት፣ ከአምስት ወር በኋላ ሳነሳት ሞታለች፣ ቻርጅ ብትደረግ ብትደረግ አስር ደቂቃ አትቆይም። የሚጠግን ልጅ ከፍቶ ሲያሳየኝ ውስጧ ያለው የሊድ አሲድ ባትሪ ነው፣ ልክ እንደ መኪና ባትሪ፣ እና እሱ ደግሞ ባዶውን ሲቀመጥ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ነጭ ነገር ይጋገርበትና አቅሙ አይመለስም። ስለዚህ ሁለተኛ ስገዛ መጀመሪያ የጠየቅኩት የባትሪውን አይነት ነው። ይቺኛዋ ሊትየም አይረን ፎስፌት ናት፣ ይሄ አይነቱ ሳይነካ ብዙ ወር ቢቀመጥም ትንሽ ብቻ ነው የሚቀንሰው፣ ብዙ ጊዜም ቻርጅ ይደረጋል፣ ሙቀትንም ከሌሎቹ የሊትየም አይነቶች በተሻለ ይችላል። ካርቶኑ ላይ ካልተጻፈ ሻጩን ጠይቁት፣ ሻጩ ካላወቀው ሌላ ሱቅ ሂዱ እላለሁ።

አሁን ስለ ብርሃኑ። ሦስት ደረጃ አላት። ትልቁ ሳሎኑን በሙሉ ያበራል፣ እኔ በሰዓት ይዤ 5 ሰዓት ተኩል ነው የቆየልኝ፣ ካርቶኑ ላይ 6 ይላል፣ ይሄ ብዙ የሚያጣላ አይደለም። መካከለኛው 13 ሰዓት ገደማ ሄዷል። ትንሹን እስኪያልቅ ጠብቄ አላውቅም፣ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ አድሮ ጠዋት ገና አለ። ለቤተሰብ የሚሆነው መካከለኛው ነው። የኔ መለኪያ ምስር መልቀም ነው፣ የመጀመሪያው ማታ እማዬ ዝም ብላ መቀመጥ ስለማትችል ሰፌዱን አምጪልኝ አለችና መካከለኛው ላይ አድርጌላት ግማሽ ኪሎ ምስር ለቅማ ጨረሰች፣ ጠጠሩን ጠዋት በቀን ብርሃን ሳየው አንድም አላለፋትም። በሻማ ይሄ አይሆንም፣ በኩራዝም አይሆንም፣ ኩራዝ ደግሞ ጭሱ ለእማዬ አስም መድኃኒት የሚያስወጣ ነው፣ የላምባው ሽታ ብርድ ልብሱ ላይ ሳምንት ይቆያል። ለኔ ይቺን መብራት ለመግዛት ምክንያቱ ይሄ ብቻ እንኳን ይበቃል።

ወደ ስልኩ ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ባለቤቴ የሚሰራው ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው፣ ማታ ማታ በሰርቪስ ይመለሳል። የዛን ቀን 11 ሰዓት ላይ ደውሎ ሀረጎ ላይ ጭቃና ድንጋይ መንገዱ ላይ ወርዷል፣ ጉሙም አያሳይም፣ ሹፌሩ አልወጣም ብሏል፣ እህቴ ጋ አድራለሁ አለ። ሀረጎን የምታውቁት ታውቃላችሁ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር እንኳን አይሞላም፣ ግን ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፣ ጠመዝማዛ ነው፣ በክረምት ማታ ለዛ መንገድ የማይሰጋ ሰው የለም። ይቅር ብዬ ደስ አለኝ። ችግሩ የእህቱ ቤት ወደ ቦርከና ወንዝ ጠጋ ያለ ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ እንደገና ደውሎ «ወንዙ ሞልቷል፣ ግቢው ጥግ ደርሷል፣ ልጆቹንና ፍራሹን ወደ ጎረቤት እያወጣን ነው፣ በኋላ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋው። ስልኬን ሳየው 4 ፐርሰንት።

ያኔ ሶላሯን አየኋት። ብርሃንም እሷ ናት፣ ቻርጅም እሷ ናት። ባትሪዋ ላይ 6,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ይላል፣ ስልኬ 5,000 ነው፣ ስለዚህ ሰው ሲያስበው ስልኩን ሞልቶ 1,000 ይተርፈኛል ይላል አይደል። እንደዛ አይደለም። የመብራቷ ባትሪ 3.2 ቮልት ነው፣ 6,000ው በሱ ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል 19 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው የሚመጣው፣ ባትሪዋ የምትይዘው ጠቅላላ ኃይል ማለት ነው። የስልኩ ባትሪ ደግሞ 3.85 ቮልት አካባቢ ነው፣ 5,000ውም እንደዛው ሲሰላ ያው 19 ገደማ። እኩል ናቸው ማለት ነው። በዛ ላይ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፍ በመሀል የሚጠፋ አለ፣ ስለዚህ መብራቷን ሙልጭ አድርገህ አንጠፍጥፈህ እንኳን ስልኩ አይሞላም፣ አንተም በጨለማ ትቀራለህ። ይሄንን የነገረኝ ሻጩ ነው፣ ስገዛት «እህቴ ይቺ መብራት ናት፣ ስልክ ለችግር ጊዜ ብቻ ነው» ብሎኝ ነበር፣ ያን ጊዜ ብዙም አልገባኝም፣ ያን ማታ ግን ቃሉ መጣልኝ። ባይነግረኝ ኖሮ ሙሉ ቻርጅ ብዬ ሰክቼ ልተኛ እችል ነበር።

ያደረግነው ይሄ ነው። ስልኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ ሰካሁት፣ መብራቷን ከመካከለኛው አወረድኩ፣ 40 ፐርሰንት ሲደርስ ነቀልኩት። ወደ ሁለት ሰዓት ፈጅቷል፣ ቀስ ያለ ነው፣ ፈጣን ቻርጀር የለመደ ይናደዳል። በመሀል በየሃያ ደቂቃው ከፍቼ የመጣ መልእክት አለ ወይ እያልኩ አየሁ፣ ኔትወርኩም ሲመጣ ሲሄድ ነበር። ሆዴ ተንጠልጥሎ ነው የቆየው።

ልጆቹ ደግሞ የኔን ፊት እያዩ ነው የሚፈሩት፣ ይሄን እማዬ ቀድማኝ አወቀችው። ምስሩን አስቀመጠችና «ኑ እስቲ ወዲህ፣ እንቆቅልህ!» አለች ለትልቁ። «ምን አውቅልህ» አለ ሳይወድ። «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት።» አሰበ አሰበ፣ ባትሪ አለ፣ ኔትወርክ አለ፣ እማዬ ሳቀችና «አገር ስጠኝ!» አለችው። ሐይቅን ሰጣት፣ አልፈልግም አለች፣ ወልዲያን ሰጣት፣ እሱም አልጣማትም፣ ኮምቦልቻን ሰጠሁሽ ሲላት ትንሿ ከጎን ብድግ ብላ «አባዬ ያለበት ነው፣ አይሰጥም!» ብላ አለቀሰች። እማዬ አቅፋት «እሺ አልወስደውም፣ የአባትሽን አገር ማን ይነካዋል፣ በይ ባቲን ስጭኝ» አለቻት። ባቲን ሰጠቻትና ታረቁ። መልሱ ጤዛ ነው። ከዛ ሁሉን የምታለብስ ራሷ ግን ራቁቷን የሆነችው ማናት ሲባል ትንሿ መርፌ ብላ መለሰች፣ እኔ ራሴ መቼ እንደሰማችው አላውቅም፣ ወንድሟ ሌላ አገር ሊሰጣት ግድ ሆነ። እንደዛ እያሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እስከ 4 ሰዓት ቆዩ። መብራት ባለበት ቀን እነዚህ ልጆች ከቲቪው ፊት ተነስተው አያታቸው ጎን ለሁለት ሰዓት አይቀመጡም፣ በዚህ እርግጠኛ ነኝ። አንድ አምፖል ብቻ ሲሆን ሁሉም ሰው እዛው አምፖሉ ሥር ነው የሚሰበሰበው።

4 ሰዓት ተኩል ላይ ባለቤቴ ደወለ። ውሃው ግቢው ደረጃ ላይ ቆሟል፣ ከፍ አላለም፣ ሁሉም ደህና ናቸው፣ እህቱ እቃዋን አልጋ ላይ ቆልላ ጎረቤት ቡና እየጠጡ ነው። ስልኩን ለእማዬ ሰጠኋት፣ «አላህ ይጠብቃችሁ ልጄ፣ ወደ ወንዙ ማንም እንዳይሄድ፣ እቃ ይተካል» እያለች ለረጅም ጊዜ አወራችው፣ ባትሪው 31 ሲደርስ እኔ ነኝ የቀማኋት።

ሁለተኛው ቀን ሙሉ ዳመና ነበር። የሶላር እቃ ትክክለኛ ፈተናው ይሄ ነው፣ በበጋ ፀሐይማ ሁሉም ይሞላል። በሰኔ ጥሩ ፀሐይ ሲገኝ ከጠዋት አውጥቼ ከሰዓት 8 ሰዓት ሳይሞላ ሙሉ ይሆናል፣ በዚህ ዳመና ግን ከጠዋት እስከ ማታ አውጥቻት ከአንድ መስመር ወደ ሁለት መስመር ብቻ ነው የወጣችው፣ ከአራት መስመር። ሩብ በሉት። ስለዚህ ሁለተኛውን ማታ መካከለኛውን ለሁለት ሰዓት፣ ለራትና ለእንቆቅልሹ ብቻ አበራን፣ ከዛ ትንሹን። ስልኩን አስር ደቂቃ ብቻ ሰካሁት። ይሄን ያህል ነው የምታወጣው፣ ከዚህ በላይ አትጠብቁ። ክረምት ለክረምት ለምትፈልጉ ሰዎች በአቅማችሁ ከሆነ 10 ዋት ፓነል ያለውን ውሰዱ፣ አምፖሉ ሳይሆን ፓነሉ ነው የሚያንሰው።

ስለ ፓነል አቀማመጥ አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ደቡብ አዙሩት የሚል ወረቀት ካርቶኑ ውስጥ አለ። በታኅሳስ ልክ ነው፣ ያኔ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ በደንብ ታዘነብላለች። ደሴ ግን 11 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች በሰኔና በሐምሌ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ናት፣ ስለዚህ በክረምት ፓነሉን ወደ ደቡብ አቅንታችሁ ብታቆሙት ትጎዳላችሁ። እኔ ጠፍጣፋ አድርጌ፣ ውሃው እንዲወርድ ያህል ብቻ አንድ ጎኑን በድንጋይ ከፍ አድርጌ ነው የማስቀምጠው። ዝናብ ካለፈ በኋላ በጨርቅ ጥረጉት። በረዶ ሲመጣ አስገቡት፣ ይቺ ትንሿ ፓነል እንደ ጣራው ትልቅ ሶላር ወፍራም መስታወት የላትም።

ሬዲዮው ደግሞ እንዳሰብኩት አልሆነም። የደሴን ኤፍኤም ጥርት አድርጎ ይይዛል፣ ሦስተኛው ቀን ስለ መንገዱ ሲወራ የሰማሁት በሱ ነው፣ ስልኬን ሳልነካ። ግን ድምፁ ቀጭን ነው፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲመታ አይሰማም፣ ጆሮህን አስጠግተህ ነው። ሙዚቃ ለመስማት ብላችሁ እንዳትገዟት። በእኛ ቤት ሙዚቃውን እማዬ ሸፍናዋለች፣ ሁለተኛው ማታ ልጆቹ ሲያንቀላፉ በትንሹ መብራት እንዝርቷን ይዛ ጥጥ እየፈተለች በአምባሰል ስታንጎራጉር፣ ሬዲዮውን ራሴ ዘጋሁት። ከአራቱ ቅኝት ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ ስም የሚጠሩት በከንቱ አይደለም፣ እማዬ ያደገችው አምባሰል ነው፣ ዝናብ ሲዘንብ ሁሌ ወደዛ ነው የምትሄደው።

የማትሰራውንም ልናገር፣ ምክንያቱም ጎረቤቴ ምጣድ ይሰራል ወይ ብላኝ ነበር። አይሰራም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይበላል፣ ይቺ የኛዋ ፓነል 6 ዋት ናት። ሦስቱን ቀን እንጀራ ከጉሊት ገዛን፣ ወጡን በከሰል ሰራን። ከሰሉን ምድጃ ደግሞ እባካችሁ ለሙቀት ብላችሁ በር ዘግታችሁ መኝታ ቤት አታሳድሩት። ደሴ ብርድ ነው፣ በክረምት ማታ ያጓጓል፣ አውቃለሁ፣ ግን የከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም አይሸትም፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ነው የሚገድለው፣ ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀልቶ እያለ ራሱ። እኛ ቡናውን ካፈላን በኋላ ምድጃውን በረንዳ አውጥተን፣ ብርድ ልብስ ደርበን፣ አራታችን አንድ ክፍል ተኛን። ፍሪጁንም ካልተቸገራችሁ አትክፈቱት፣ ተዘግቶ ከቆየ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ከዛ በኋላ ያለውን ስጋና ወተት ግን አትመኑት፣ እኔ ቀድሜ ስጋውን ወጥ ሰርቼ ጎረቤትም ቀመሰው።

እንከኗ። አንደኛ የፓነሉ ገመድ ከመብራቷ ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ደካማ ነው፣ ሁለተኛ ሳምንት ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ትንሽ ነካ ካደረጉት ቻርጅ ያቆማል። ወደ ሱቁ ይዤ ሄድኩ፣ ደረሰኙን አሳየሁ፣ ልጁ ምንም ሳይከራከር ሌላ ገመድ ከሌላ ካርቶን አውጥቶ ቀየረልኝ፣ አሁን ያለው ደህና ነው። ሁለተኛ፣ ማብሪያዋ አንድ ቁልፍ ብቻ ስለሆነች ከትንሹ ለማጥፋት ሁሌ በትልቁ በኩል አልፎ ነው፣ ሌሊት ልጆቹ ተኝተው ድንገት ቦግ ትላለች። እማዬ በነጠላ ሸፍና ነው የምታጠፋት። ሦስተኛ መንጠቆዋ ፕላስቲክ ነው፣ እኔ በሽቦ አስሬዋለሁ።

ሱቁን በጣም ወድጄዋለሁ። ሻጩ ካርቶኑን ከፍቶ አብርቶ፣ ደጅ ወጥቶ ፓነሉን ፀሐይ ላይ አድርጎ ቻርጅ እንደሚያደርግ አሳይቶ ነው የሸጠልኝ፣ የአንድ ዓመት ዋስትናም ደረሰኙ ጀርባ ላይ ጽፎልኛል። ከዛ በፊት የገባሁበት ሱቅ ካርቶን አይከፈትም ብለውኝ ወጥቻለሁ። በ500 ብር የሚረክስ ነበራቸው፣ ይሁን እንጂ ሳይበራ ሳይታይ እንዴት ይገዛል።

አራተኛው ቀን ጠዋት መንገዱ ተጠርጎ ባለቤቴ መጣ፣ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ፣ ልጆቹ በር ላይ ተንጠለጠሉበት፣ የኤሌክትሪክ ሰራተኞቹም የዛኑ ቀን ከሰዓት ትራንስፎርመሩ ላይ ሲሰሩ ውለው ማታ 12 ሰዓት ላይ መብራት መጣ፣ ሰፈሩ በሙሉ እልልል አለ። የኮምቦልቻዋ እህቱ ቤት ውስጥ ውሃ አልገባም፣ አጥሯ ግን ወድቋል፣ ነሐሴን በሙሉ ወንዙን እያየች ነው የምታድረው። ስለዚህ ቅዳሜ ፒያሳ ወርጄ ለሷ ሌላ ልገዛላት ነው፣ ሬዲዮውን ትቼ ፓነሉ 10 ዋት የሆነውን። ሻጩን ደውዬ ጠይቄዋለሁ፣ ሁለት ቀርቶኛል፣ አንዱን አስቀምጥልሻለሁ ብሎኛል።